ከሱሉልታ ሜዳ እስከ በርሊን፦ የኢትዮጵያ ሴት ሯጮች ታላቅ የውድድር ዘመን

ነሐሴ 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ምሽት፣ ቡዳፔስት ላይ ሦስት ኢትዮጵያውያት በ10,000 ሜትር ተከታትለው ገቡ። መስከረም 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ዩጂን ላይ የሴቶች 5,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ተሰበረ። በሳምንቱ በርሊን ላይ የሴቶች ማራቶን ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ ተሻሻለ። ስፖርት የሚከታተል ሁሉ እነዚህን ዜናዎች ያስታውሳል፤ የሚያስታውሳቸው ግን በየፊናቸው ነው። ሦስቱም በአምስት ሳምንት ገደማ ውስጥ የተከናወኑ የአንድ የውድድር ዘመን ድሎች ናቸው። ከኋላቸው ደግሞ ከሠላሳ ዓመት በላይ የፈጀ ታሪክ አለ።

ያ ታሪክ የራሱ መሬት አለው። የእንጦጦ ጋራ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ጋራውን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ሲወርዱ የሱሉልታ ሜዳ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተዘርግቶ ይገኛል። በጅማ መንገድ ያለችው ሰበታ ከሱሉልታ በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ዝቅ ትላለች። ቡራዩ ደግሞ በምዕራብ በኩል፣ በአምቦ መውጫ ላይ፣ በጌፈርሳ ግድብ አቅራቢያ ትገኛለች። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ኦክስጅን የሚሸከሙ ቀይ የደም ሕዋሳትን አብዝቶ ለማምረት ይገደዳል። ዝቅ ባለው አስፋልት ላይ ደግሞ እግር ይፈጥናል። ሯጮቻችን አንዱን ቀን ጫካ፣ አንዱን ቀን ሜዳና ኮረኮንች፣ ሌላውን ቀን አስፋልት እያሉ ሳምንቱን የሚከፋፍሉት ይህ ሁሉ ከአዲስ አበባ በሰርቪስ መኪና የሚደረስበት በመሆኑ ነው።

ከ1984 እስከ 1993 ዓ.ም.፦ በሩ ሲከፈት

ኢትዮጵያ ከአበበ ቢቂላ ጀምሮ በሩጫ ብትታወቅም፣ እስከ 1984 ዓ.ም. ድረስ የኦሊምፒክ ሜዳሊያዎቿ በሙሉ የወንዶች ነበሩ። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ የበቆጂዋ ልጅ ደራርቱ ቱሉ 10,000 ሜትርን በ31 ደቂቃ ከ06.02 ሰከንድ አሸነፈች፤ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ሁለተኛ የወጣችው ነጯ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ሜየር ነበረች። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ለረጅም ዓመታት ታግዳ ወደ ኦሊምፒክ የተመለሰችበት ጊዜ ስለነበር፣ ሁለቱ ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ሲዞሩ ዓለም በሙሉ አያቸው።

የዚያ ድል ትልቁ ውጤት በገጠር ቤቶች ውስጥ የታየው ነው። ሴት ልጅ መሮጧ ቤተሰብን የሚያሳፍር ነገር መሆኑ እየቀረ፣ ተስፋ የሚጣልበት ሥራ ሆነ። ከአራት ዓመት በኋላ አትላንታ ላይ ፋጡማ ሮባ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ05 ሰከንድ አሸንፋ በዚህ ርቀት ወርቅ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆነች። በደብረ ብርሃን አቅራቢያ ከምትገኘው ከጫጫ የወጣችው ጌጤ ዋሚ ደግሞ በ1991 ዓ.ም. ሴቪያ ላይ የ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ደራርቱ ወልዳ ተመልሳ ሲድኒ ላይ ሁለተኛውን የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደች። በ1993 ዓ.ም. ኤድመንተን ላይም ደራርቱ፣ ብርሃኔ አደሬና ጌጤ ከአንድ እስከ ሦስት ተከታትለው ገቡ።

የዚህ ትውልድ አሰልጣኝ ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ነበሩ። በእሳቸው ዘመን ብሔራዊ ቡድኑ ንጋት ላይ እንጦጦ ጫካ ውስጥ በጋራ መሮጡ ባህል ሆነ። አዲስ የመጣች ልጅ ከሻምፒዮኗ ኋላ እየሮጠች ታድጋለች፤ በዓመቷ ከጎኗ ትሆናለች፤ ቀን ሲወጣላት ትቀድማታለች። ይህ የሥልጠና መንገድ ዛሬም አልተለወጠም።

ከ1995 እስከ 2004 ዓ.ም.፦ ጥሩነሽና መሠረት

በ1995 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ጥሩነሽ ዲባባ የተባለች የ18 ዓመት ልጅ የ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በዓመቱ መሠረት ደፋር አቴንስ ላይ በዚያው ርቀት የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደች። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት በአብዛኛው የእነዚህ ሁለት ሴቶች ፉክክር ናቸው። በ1997 ዓ.ም. ሄልሲንኪ ላይ ጥሩነሽ 5,000 እና 10,000 ሜትርን በአንድ ሻምፒዮና ደርባ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ5,000 ሜትሩ ከአንድ እስከ አራት የወጡት በሙሉ ኢትዮጵያውያት ነበሩ። በ10,000 ሜትሩም ሦስቱን ሜዳሊያ ጠቅልለው ወሰዱ።

የፉክክሩ ፍሬ በሰዓት ላይ ታየ። መሠረት የ5,000 ሜትር ክብረ ወሰንን ሁለት ጊዜ አሻሽላ 14 ደቂቃ ከ16.63 ሰከንድ አደረሰችው። በ2000 ዓ.ም. ኦስሎ ላይ ጥሩነሽ 14 ደቂቃ ከ11.15 ሰከንድ አስመዘገበች፤ በዚያው ክረምት ቤጂንግ ላይ ሁለቱንም የኦሊምፒክ ወርቆች ወሰደች። በ2004 ዓ.ም. ለንደን ላይ ጥሩነሽ 10,000፣ መሠረት 5,000፣ ቲኪ ገላና ማራቶን ሲያሸንፉ የረጅም ርቀቱ የሴቶች ወርቅ በሙሉ ኢትዮጵያ ገባ።

ሁለቱ ያስተማሩት ቁም ነገር አለ። ሜዳሊያ የሚለየው በመጨረሻው ዙር አፈትልኮ በመውጣት ነው፤ ክብረ ወሰን የሚገኘው ደግሞ ውድድሩን ከመጀመሪያው አንስቶ በማፍጠን ነው። ከእነሱ በኋላ የመጣው ትውልድ ሁለቱንም ይዞ አደገ።

ከ2004 እስከ 2008 ዓ.ም.፦ ሱሉልታ የሯጮች መንደር ስትሆን

በእነዚሁ ዓመታት ገደማ ከእንጦጦ ጀርባ ያለው መሬት መልኩን መለወጥ ጀመረ። ኃይሌ ገብረሥላሴ በባለቤትነት የተሳተፈበት፣ ያያ ቪሌጅ የተባለ የአትሌቶች ማዕከል ሱሉልታ ላይ ተከፈተ። ቀነኒሳ በቀለም እዚያው ሱሉልታ ላይ ሰው ሠራሽ መም ያለው ማዕከል ሠራ። እንግሊዛዊውን ሞ ፋራህን የመሰሉ የውጭ ሻምፒዮኖች ለልምምድ ወደ ሱሉልታ መምጣት ጀመሩ። ብዙ ሯጮችም ለሜዳው ቅርብ ለመሆን ቤት እየተከራዩ በዚያው ኖሩ።

ለሴት ሯጮች ይህ ቅርበት ልዩ ጥቅም ነበረው። ቀደም ሲል ጥሩ መም ላይ ለመሮጥ መሀል ከተማ መግባትና የስታዲየም ወረፋ መጠበቅ ግድ ነበር። አሁን ጠዋት ሣር ላይ የሮጠች ልጅ በሌላው ቀን እዚያው ሰፈር መም ላይ ፍጥነት መሥራት ቻለች። ነፍሰ ጡር ሆና ያቋረጠች፣ ወልዳ የተመለሰች ሯጭም ከቤቷ ሳትርቅ ልምምዷን መቀጠል ቻለች።

ውጤቱ ብዙ አልዘገየም። በ2007 ዓ.ም. ሞናኮ ላይ ገንዘቤ ዲባባ 1,500 ሜትርን በ3 ደቂቃ ከ50.07 ሰከንድ ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ነሐሴ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. ሪዮ ላይ አልማዝ አያና 10,000 ሜትርን በ29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ ጨረሰች። ቻይናዊቷ ዋንግ ጁንሺያ ያስመዘገበችውንና ከ20 ዓመት በላይ ማንም ያልደረሰበትን ሰዓት ከ14 ሰከንድ በላይ አሻሻለችው።

ከ2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም.፦ በጦርነት መካከል

መስከረም 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ለተሰንበት ግደይ ቫሌንሲያ ላይ የጥሩነሽን የ12 ዓመት የ5,000 ሜትር ክብረ ወሰን ሰብራ 14 ደቂቃ ከ06.62 ሰከንድ ገባች። በዓመቱ መጨረሻ አካባቢ ሄንግሎ ላይ፣ በአዳማ ተወልዳ ለኔዘርላንድ የምትሮጠው ሲፋን ሀሰን በዚያው መም 10,000 ሜትርን በ29 ደቂቃ ከ06.82 ሰከንድ ሮጣ ክብረ ወሰን በያዘች በሁለተኛው ቀን፣ ለተሰንበት 29 ደቂቃ ከ01.03 ሰከንድ ሮጠች። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደግሞ የግማሽ ማራቶኑን ክብረ ወሰን 1 ሰዓት ከ02 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ አደረሰችው።

ከቫሌንሲያው የ5,000 ሜትር ሩጫ በስተቀር ይህ ሁሉ የሆነው አገር በጦርነት ላይ ሳለች ነው። ለተሰንበት፣ ጉዳፍ ፀጋይና ጎተይቶም ገብረሥላሴ የትግራይ ልጆች ናቸው። ለብዙ ወራት ስልክና መንገድ ተዘግቶ፣ ከትግራይ የመጡ ሯጮች የወላጆቻቸውን ደኅንነት ሳያውቁ አዲስ አበባ ዙሪያ ልምምዳቸውን ቀጠሉ። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ዩጂን በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ለተሰንበት በ10,000፣ ጉዳፍ በ5,000፣ ጎተይቶም በማራቶን ወርቅ ሲያጠልቁ ጦርነቱ ገና አላበቃም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። የታላቁ የውድድር ዘመን ዝግጅት የተጀመረው ከዚህ ስምምነት በኋላ ባሉት ወራት ነው።

ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም.፦ አስቸጋሪው አጀማመር

የውድድር ዘመኑ የጀመረው በሽንፈት ነበር። የካቲት 11 ቀን አውስትራሊያ ባትረስት በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ለተሰንበት እየመራች መጨረሻው መስመር ጥቂት ሜትር ሲቀራት ጉልበቷ ከዳትና ወደቀች። ከጎን ያለ ሰው አንስቷት ስለነበር ውጤቷም ተሰረዘ። ወርቁ የኬንያዋ ቤትሪስ ቼቤት ሆነ። በሳምንቱ በርሚንግሃም ላይ ጉዳፍ የቤት ውስጥ 3,000 ሜትር ክብረ ወሰንን በ9 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ሳተችው። ሚያዝያ 15 ለንደን ላይ ሲፋን የመጀመሪያ ማራቶኗን ስታሸንፍ፣ መገርቱ አለሙ በአራት ሰከንድ ተቀደመች። ሰኔ 2 ፓሪስ ላይ ደግሞ ኬንያዊቷ ፌዝ ኪፕዬጎን ለተሰንበትን አስከትላ የ5,000 ሜትሩን ክብረ ወሰን በ14 ደቂቃ ከ05.20 ሰከንድ ወሰደች።

ይህን ጊዜ ብዙዎች ዘመኑ የኬንያውያን ነው ብለው ነበር። የቡድናችን ጥንካሬ ግን በብዛቱ ላይ ነበር። የአዲስ አበባ ከፍታ ፈጣን ሰዓት ስለማይሰጥ የ10,000 ሜትሩ ማጣሪያ ስፔን ውስጥ ተካሄደ፤ ጉዳፍም አሸነፈች። በዚህ ርቀት ከማጣሪያው የምትወድቀው ኢትዮጵያዊት ለሌላ አገር ብትሮጥ ለፍጻሜ የምትደርስ ናት። ሐምሌ 16 ለንደን ላይ ጉዳፍ ቼቤትንና ሲፋንን ከኋላዋ አስቀርታ በ14 ደቂቃ ከ12.29 ሰከንድ ገባች። ነፋሱ መዞር የጀመረው ያን ዕለት ነው።

ነሐሴ 2015 ዓ.ም.፦ ቡዳፔስት

የነሐሴ 13ቱ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ በዝግታ የተጀመረ ነበር። ማንም መምራት አልፈለገም፤ ዙሮቹ በመተያየት አለፉ። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ግን ሩጫው ሌላ ሆነ። ሲፋን እንደ ልማዷ ከኋላ መጥታ ወደ ፊት ወጣች። ወደ መጨረሻው ቀጥታ ሲገቡ ሲፋንና ጉዳፍ ትከሻ ለትከሻ ሆኑ። ጥቂት ሜትሮች ሲቀሩ ሲፋን ተደናቅፋ መሙ ላይ ወደቀች። ጉዳፍ በ31 ደቂቃ ከ27.18 ሰከንድ መስመሩን አለፈች። ለተሰንበት በአንድ ሰከንድ ገደማ ልዩነት ሁለተኛ፣ እጅጋየሁ ታዬ ሦስተኛ ሆኑ።

በዚያ ምሽት ሊረሳ የማይገባው ሌላም ነገር አለ። በየካቲት እሷም በዚያው ዓይነት ሁኔታ የወደቀችው ለተሰንበት ደስታዋን ትታ ሲፋንን ለማጽናናት ተመለሰች። ኢትዮጵያውያት በዓለም ሻምፒዮና የ10,000 ሜትሩን ሜዳሊያ ጠቅልለው ሲወስዱ ከኤድመንተንና ከሄልሲንኪ ቀጥሎ ሦስተኛው ነበር፤ ከሄልሲንኪ ወዲህ 18 ዓመት አልፎ ነበር።

ድርቤ ወልተጂ በ1,500 ሜትር ብር አገኘች። ነሐሴ 20 በሙቀት ውስጥ በተሮጠው ማራቶን አማኔ በሪሶ በ2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ አሸነፈች፤ ጎተይቶም በ11 ሰከንድ ተቀድማ ሁለተኛ ሆነች። ኢትዮጵያ ከቡዳፔስት ያመጣችው 9 ሜዳሊያ ሲሆን 6ቱ የሴቶቹ ናቸው፤ ሁለቱ ወርቆችም የእነሱ ናቸው። በ5,000 ሜትሩ ግን ማንም ሜዳሊያ አላገኘችም፤ ጉዳፍ 13ኛ ወጣች። ያን ቁጭት ይዛ ወደ ዩጂን ሄደች።

መስከረም 2016 ዓ.ም.፦ ስምንት ቀናት

አዲሱ ዓመት በገባ በስድስተኛው ቀን ዩጂን ላይ የዳይመንድ ሊጉ ፍጻሜ ተካሄደ። አሯሯጮቹ ሲወጡ ጉዳፍ ሩጫውን ራሷ ተረከበች። በመሙ ጠርዝ የሚበራው መብራት የክብረ ወሰኑን ፍጥነት ያሳያል፤ እሷ ከመብራቱ ቀድማ ሮጠች። ቼቤት ብዙውን ርቀት ተከተለቻት፤ በመጨረሻ ግን ራቀቻት። ሰዓቱ 14 ደቂቃ ከ00.21 ሰከንድ ላይ ቆመ። የኪፕዬጎን ክብረ ወሰን በአምስት ሰከንድ ያህል ተሻሻለ፤ ከ14 ደቂቃ በታች ለመግባት የቀራት ከሩብ ሰከንድ ያነሰ ነበር። አሰልጣኟ ባለቤቷ ሕሉፍ ይሕደጎ ነው።

መስከረም 13 የበርሊን ተራ ደረሰ። ትዕግስት አሰፋ ሩጫን የጀመረችው በ800 ሜትር ነው፤ ሪዮ ኦሊምፒክ ላይም የተወዳደረችው በዚሁ ርቀት ነበር። ወደ ማራቶን ስትዞር የመጀመሪያ ሰዓቷ ከ2 ሰዓት ከ30 ደቂቃ በላይ ነበር። ከወራት በኋላ በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ስታሸንፍ ብዙዎች ማን እንደሆነች ጠየቁ። በቀጣዩ ዓመት ራሷ መለሰችላቸው። የመጀመሪያውን ግማሽ በ1 ሰዓት ከ06 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ሮጠች፤ ሁለተኛውን ከዚያም አፈጠነችው። 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገባች። የኬንያዋ ብሪጊድ ኮስጌ የያዘችው ክብረ ወሰን በ2 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ተሻሻለ።

በእግሯ የነበረው ጫማ አንዱ 138 ግራም ብቻ የሚመዝን፣ 500 ዶላር የሚሸጥ አዲስ ሥሪት ነበር። ስለ ጫማው ብዙ ተወራ። ጫማው ሰዓቱን ማገዙ አይካድም። ይሁን እንጂ ተመሳሳይ ጫማ ያደረጉ ሌሎች ሯጮችም ነበሩ። ከ800 ሜትር የመጣ ፍጥነት ከአሰልጣኟ ከገመዱ ደደፎ የማራቶን ሥልጠና ጋር መገናኘቱ ነው ትዕግስትን የለያት። የዓለም አትሌቲክስም ኋላ ከስታዲየም ውጭ በሚደረጉ ውድድሮች የዓመቱ ምርጥ ሴት ብሎ ሸለማት።

ኅዳር 23 ቫሌንሲያ ማራቶን የውድድር ዘመኑን ዘጋው። ከወሊድ የተመለሰችው ወርቅነሽ ደገፋ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ አንደኛ፣ የሪዮዋ ጀግና አልማዝ አያና ሁለተኛ፣ ህይወት ገብረኪዳን ሦስተኛ ወጡ። አልማዝም እናት ሆና የተመለሰች ሯጭ ናት። ደራርቱ በሲድኒ የከፈተችው መንገድ እዚህ ደርሷል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ፦ ክብረ ወሰኑና ሜዳው

ክብረ ወሰን ለመሰበር የተሠራ ነው። በፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ትዕግስት በሦስት ሰከንድ በሲፋን ተቀድማ ብር አገኘች፤ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ደግሞ ሴቶቻችን ያለ ሜዳሊያ ተመለሱ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲች የማራቶኑን ሰዓት 2 ሰዓት ከ09 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ አደረሰችው፤ ሯጯ ኋላ በተከለከለ መድኃኒት ለሦስት ዓመት ብትታገድም ሰዓቱ ከመዝገብ አልወጣም። በዚያው ዓመት ሰኔ ቼቤት 5,000 ሜትርን ከ14 ደቂቃ በታች የሮጠች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ትዕግስት ግን በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ለንደን ላይ ሴቶች ብቻ በሚሮጡበት ማራቶን 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጣ በዚያ ዘርፍ ክብረ ወሰን ያዘች። ፉክክሩ አላበቃም።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። ሴቶቹ ቡዳፔስት ላይ በሮጡበት በ2015 ዓ.ም.፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች ጋር ተጠቃለው ሸገር ከተማ ተመሠረተ። ከተሞቹ እየሰፉ ነው፤ ለሕዝቡ ቤት፣ ለሥራ ፈላጊው ፋብሪካ ያስፈልጋል። በዚያው ልክ ሣሩ ይታጠራል፤ ኮረኮንቹ አስፋልት ይሆናል፤ አስፋልቱን የጭነት መኪና ይሞላዋል። ልምምዷን ንጋት ላይ የምትጀምር ልጅ ከመኪና ጋር እየተጋፋች ለመሮጥ ትገደዳለች። ለሴት ልጅ ደግሞ ጭር ያለ መንገድ ሌላ ስጋት አለው።

መም በገንዘብ ይሠራል። በ2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሰፊ ሜዳ ግን አንድ ጊዜ ከታጠረ በገንዘብ አይመለስም። ስለዚህ የሸገር ከተማና የአዲስ አበባ ፕላን አውጪዎች፣ ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ሳይውል ሳያድር አንድ ላይ ሊቀመጡ ይገባል። የሱሉልታ ሜዳና የእንጦጦ ጫካ መሮጫዎች በካርታ ተለይተው በሕግ ይከበሩ። በሰበታና በቡራዩ መንገዶች ላይ የንጋት የሩጫ ሰዓትና መስመር ይወሰን። ከባርሴሎና እስከ በርሊን የተገኘው ክብር የተሠራው በዚህ መሬት ላይ ነው፤ ለሚቀጥሉት ሴት ልጆችም ይህ መሬት ሊቆያቸው ይገባል።